ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት

ወንዝ መለካት ትቼ፣ ማሠልጠኛ ገብቼ፣ አስተማሪ ከሆንኩ ገና አንድ ዓመት አልሞላኝም። ዕድሜዬም ቢሆን ትዝታ ለመጻፍ የሚበቃ አይደለም። ጎንደር አራዳ ላይ የሚያገኙኝ የድሮ ባልደረቦቼ «ጡረታ ሳትወጣ ምኑን ታስታውሰዋለህ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ነገር ግን ሰው አንድን ሥራ ትቶ ከወጣ ያ ሥራ ለእርሱ አልቋል። እኔም አምስት ዓመት የሠራሁት አልቋልና በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ለመጻፍ ያስነሳኝ አንድ የክፍል ጥያቄ ነው። ለተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁላቸው፤ በግራ ዓምድ ሰዓት፣ በቀኝ ዓምድ የአንድ ወንዝ ከፍታ በሴንቲ ሜትር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሰማንያ አራት፤ አንድ ሰዓት ዘጠና ሰባት፤ ሁለት ሰዓት መቶ ሠላሳ አንድ፤ ሦስት ሰዓት መቶ ሃያ ስድስት፤ አራት ሰዓት መቶ አሥራ ስምንት፤ አምስት ሰዓትም መቶ አሥራ ስምንት፤ ስድስት ሰዓት መቶ ዘጠኝ። መጽሐፉ እንዲህ ያለውን ነገር ፈንክሽን ይለዋል። ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ከፍታ፣ አንድ ብቻ፣ ይገኝለታል ማለት ነው። «የሚቀንሰው ከየት እስከ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

የመጀመሪያው ተማሪ «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ» አለ፤ ሰማንያ አራት ከሁሉም ስለሚያንስ ነው። ይህ ሁሉም የሚሳሳተው ስሕተት ነው። ማነስና መቀነስ አንድ አይደሉም። ሰማንያ አራት ትንሽ ቁጥር ነው፤ ወንዙ ግን በዚያ ሰዓት እየጨመረ ነው። ሌላው «ከመቶ ሠላሳ አንድ እስከ መቶ ዘጠኝ» አለ። እርሱም የሳተው ዓምዱን ነው። የተጠየቀው ወንዙ የቀነሰባቸው ሰዓቶች እንጂ ከፍታው አይደለም። ደግሞም በመካከሉ ወንዙ ቀጥ ብሎ የቆመበት አንድ ሰዓት አለ። ትክክለኛው መልስ «ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ እንደገናም ከአምስት እስከ ስድስት» ነው። ጎረቤትን ከጎረቤት እያወዳደሩ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ሌላ ብልሃት የለውም።

ይህን አስረድቼ ስጨርስ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ በሦስትና በአራት መካከል ወንዙ ወርዶ ተመልሶ ቢወጣስ? ሠንጠረዡ በምን ያውቃል?» አለችኝ።

ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ደወሉ ተደወለ።

ሥራ የጀመርኩት አሥረኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው። ወንዞችን የሚያጠና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጎንደር ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ቁጥር የሚያውቁና እጅ ጽሕፈታቸው የሚነበብ ወጣቶች ይፈልግ ነበር። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፤ በወሩ ይደርስ ነበር። የምንሞላው ቅጽ በሦስት ቅጂ ነበር። የሥራው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ወንዝ ዳር በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ የብረት ሰሌዳ ይተከላል፤ ውሃው የነካውን ቁጥር በሰዓቱ አይቶ መመዝገብ ነው። በበጋ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በክረምት በየሰዓቱ።

መጀመሪያ የተመደብኩት መገጭ ወንዝ ላይ፣ ከመሪጌታ አስረስ ዘንድ ነው። መሪጌታ አስረስ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በጎንደር አድባራት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ድምፃቸው በሕመም ሲዘጋ ቅኔ ማኅሌቱን ትተው ወንዝ ዳር ወረዱ። ጥቁር ጃንጥላ ይዘው፣ ነጠላቸውን አመሳቅለው ሰሌዳው ፊት ሲቆሙ የሚያያቸው ሰው ጸሎት የሚያደርሱ ይመስለው ነበር። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የጠበቅኳቸው።

«ምነው ታንሾካሹካለህ? ውሃው አይሰማህም» አሉኝ።

የእርሳቸውን ልማዶች አንድ በአንድ እጽፋለሁ፤ ሥራውን ያወቅኩት በእነርሱ ነውና። ቁጥሩን አይተው ወዲያው አይጽፉም። ጀርባቸውን ያዞራሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ እንደገና ዞረው ያያሉ። ሁለቱ እይታ ከተስማማ ይጽፋሉ። ለራሳቸው በያዙት ደብተር በግዕዝ አኃዝ፣ ለመሥሪያ ቤቱ በፈረንጅ ቁጥር ይጽፉ ነበር። አንዱን ከአንዱ ሲያመሳክሩ ስሕተቱ ራሱ ብድግ ይላል ይሉ ነበር።

«ቀነሰ» የሚለውን ቃል ብቻውን መናገር አይፈቅዱልኝም። አንድ ቀን «መሪጌታ፣ ዛሬ ቀንሷል» ብዬ ገባሁ።

«ከመቼ እስከ መቼ?»

«እንዲያው ቀንሷል።»

«ይኸ ቃል አንካሳ ነው፣ ልጄ። ሁለት ምርኩዝ ይፈልጋል፤ 'ከዚህ' እና 'እስከዚህ'። ያለ ምርኩዝ ወደ ቤቴ እንዳታስገባብኝ፤ ይወድቅና ዕቃ ይሰብርብኛል።»

ሦስተኛው ልማዳቸው ቀይ ቀለም ነው። ታመው ወይም ለቅሶ ሄደው ያላዩት ሰዓት ካለ በዚያ ረድፍ ላይ ቁጥር አያስገቡም፤ በቀይ ቀለም ቀጭን መስመር ይሳሉበታል። «በብራና ላይ ቀይ ለቅዱሳን ስም ነው። እኔ ደግሞ ላላወቅኩት ነገር አድርጌዋለሁ። የማላውቀውም ይከበር እንጂ» ብለው ይሥቁ ነበር። የጎንደሩ ቅርንጫፍ ስለ ቀዩ መስመር ብዙ ጊዜ ደብዳቤ ጽፎባቸዋል። መሪጌታም ለደብዳቤው በጥቁር ቀለም፣ በትሕትና፣ ይመልሱና መስመሩን እንደ ልማዳቸው ይቀጥላሉ።

አራተኛው ድንጋይ ማየት ነው። ሰሌዳው አሁን ስንት እንደሆነ እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ለዚያ ዳር ያለውን ድንጋይ ማየት ያስፈልጋል። ውሃው የሚጎድል ከሆነ ከጠርዙ በላይ ያለው ድንጋይ አሁን የለቀቀው ስለሆነ እርጥብ ነው፣ ደለል ተለጥፎበታል። ውሃው የሚመጣ ከሆነ ደረቁን ድንጋይ እየበላ ነው፤ እስከ ጠርዙ ድረስ ደረቅ ታገኘዋለህ። ዝናብ እላይህ ላይ እየወረደ ካልሆነ በቀር ይህ አይዋሽም። መሪጌታ ሰሌዳውን ካዩ በኋላ ሁልጊዜ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ድንጋዩን ይነኩ ነበር። ይህ በቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም፤ እኔም ቅጽ ወዳድ ስለነበርኩ እንደ ሽማግሌ ጠባይ ነበር የቆጠርኩት።

ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ደባት በኩል፣ ብርዱ ጣት የሚያደርቅበት አንድ ምንጭ ላይ ብቻዬን ተመደብኩ። እዚያ አንድ የሚያሥቅ ስሕተት ሠራሁ። የወሩን ጽሑፍ በንጹሕ ስገለብጥ ሰዓቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኳቸው፤ ከአንድ ጀምሬ በአሥራ ሁለት ጨረስኩ። የጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የቀኑ መጀመሪያ፣ ከሁሉም ግርጌ ገባ። እየጨመረ የዋለው ምንጭ በእኔ ወረቀት ላይ መጨረሻው ላይ በድንገት የወረደ መሰለ። የቅርንጫፉ ተቆጣጣሪ አቶ ይልማ አይቶ «ፀሐይን በመጨረሻ አወጣሃት!» ብሎ ቢሮውን ሁሉ አሣቀብኝ። ተሣቀብኝ እንጂ አልተጎዳሁም። ሠንጠረዥ ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው ሊዋሽ እንደሚችል ያን ጊዜ አወቅኩ፤ ያወቅኩት ግን በቅደም ተከተል ረገድ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምድቤ ከማክሰኝት ማዶ ያለ አንድ የወንዝ መሻገሪያ ነበር። ድልድይ የለውም። ከተራራው ሥር ያሉት መንደሮች ሰዎች ወደ ማክሰኝት ገበያ፣ ወደ መኪና መንገዱና ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ለመሄድ ያንን ወንዝ በእግራቸው ወይም በበቅሎ ይሻገራሉ። እኔ ዳር ላይ የቆርቆሮ ጎጆ ነበረችኝ። ሥራዬ መመዝገብ ብቻ ነበር። ነገር ግን ሰው መጥቶ ሲጠይቅ ዝም አይባልም፤ ማስረዳትም እወዳለሁ። አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ቀብቼ የዕለቱን ሠንጠረዥ በጠመኔ እየጻፍኩ ከጎጆዬ ፊት አቆም ጀመር። ከመቶ ሃያ በታች ሲሆን በቅሎ ይሻገራል፤ ይህን ከአገሬው ጋር ተማክሬ በጉልህ ጻፍኩበት። ማንበብ የሚችሉት ጥቂት ስለነበሩ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይጮኻል፦

«ጸሐፊው! ጎድሏል?»

እኔም «ጎድሏል» ወይም «አልጎደለም» እላለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ቃል ላይ ነው። «ጎድሏል» በአገሬው አፍ «ይሻገሩታል» ማለት ነው። በእኔ ሠንጠረዥ «ካለፈው ንባብ ያንሳል» ማለት ነው። አንድ ወንዝ ትንሽ ሆኖ እየሞላ ሊሆን ይችላል፤ ትልቅ ሆኖ እየጎደለ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቃል ሁለቱንም ተሸክሞ ነበር፤ እኔም ያን ጭነት ሳላወርድለት በየቀኑ እናገረው ነበር።

ከሚያልፉት ሁሉ የማልረሳቸው አያ ደሴና ሚስቱ የሺ ናቸው። አያ ደሴ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ዝምተኛ ገበሬ ነበር። የሺ ግን ዝም አትልም። በገበያ ቀን ከበቅሎዋ ላይ ሆና፦

«ጸሐፊው! ወንዝ ስትለካ ሚስት ሳትለካ ልታረጅ ነው!» ትላለች።

«ሚስት በሴንቲ ሜትር አትለካም።»

«ታዲያ በምን ልትለካት ነው? ሰማህ ደሴ? ይኸ ልጅ ገና ነው!»

አያ ደሴ አንገቱን ይደፋና ፈገግ ይላል። እርሱ ልጓሙን በአንድ እጁ፣ የእርስዋን እጅ በሌላ እጁ ይዞ ነበር ሁልጊዜ የሚያሻግራት። ሌሎቹ ወንዶች ይሥቁበት ነበር፤ «ሙሽራህ ናት ወይ ዛሬም?» ይሉታል። ግድ የለውም።

የሆነው ነሐሴ ላይ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጣ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መቶ አርባ ሁለት መዘገብኩ፤ አንድ ሰዓት መቶ ሠላሳ ስድስት፤ ሁለት ሰዓት መቶ ሃያ ሰባት፤ ሦስት ሰዓት መቶ ሃያ አንድ። በማግስቱ አቶ ይልማ ለቁጥጥር ሊመጣ ስለነበር ጎጆዬ ገብቼ የወሩን ጽሑፍ በንጹሕ መገልበጥ ጀመርኩ። በመስመር አስምሬ፣ ዓምዶቹን አስተካክዬ፣ በጣም ሸጋ ጽሑፍ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን አልወጣሁም። ሰዓቴን አይቼ «አንድ ገጽ ነው የቀረኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ወደ ላይ፣ ደጋው ላይ፣ ሰማዩ ጠቁሮ እንደነበር በመስኮቱ አይቻለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ የአያ ደሴን ድምፅ ሰማሁ።

«ጸሐፊው! ጎድሏል?»

ወጣሁ። የሺ በቅሎዋ ላይ ነበረች፤ ጋቢ ተከናንባ፣ ትኩሳቱ ፊቷን አብልዞት። ሦስት ቀን ምንም አልበላችም አለኝ። ጎንደር ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ነው፤ ማዶ ያለው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል።

«ጸሐፊው፣ ዛሬ መልስ የለኝም» አለች የሺ፤ ለመቀለድ ፈልጋ ነበር።

ሰሌዳው ዘንድ ወርጄ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። መቶ አሥራ ዘጠኝ። ከመቶ ሃያ አንድ ያንሳል። ከመቶ ሃያም ያንሳል።

«ጎድሏል» አልኩ።

«ልሂድ?»

«ሂድ፣ አያ። መኪናው እንዳያመልጣችሁ።»

የጎጆዬን በር ሳልዘጋ ስለመጣሁ ጽሑፉን ነፋስ እንዳይወስድብኝ ተመለስኩ። ሲገቡ አላየሁም። የሰማሁት የበቅሎዋን ድምፅ ነው፤ ከዚያ የእርሱን።

ስደርስ ሰሌዳው መቶ ሃምሳ ስድስት ይል ነበር። በቅሎዋ ወደ ማዶ ወጥታ ትንቀጠቀጣለች። አያ ደሴ ከመሻገሪያው በታች ካለ የአኻያ ዛፍ ሥር ላይ ተንጠልጥሏል። ጎትቼ አወጣሁት። የቀኝ እጁ ተጨብጦ ነበር፤ አልዘረጋም አለ። የሺ አልነበረችም። ሬሳዋ በሦስተኛው ቀን ከታች ተገኘ። በዚያን ዕለት ከአምስት ሰዓት በኋላ፣ ያን መቶ ሃምሳ ስድስት እንኳ፣ አንድም ቁጥር አልጻፍኩም።

የወረዳው ዳኛ የዕለቱን ሠንጠረዥ እንዲቀርብለት አዘዘ። አቶ ይልማ መዝገቤን ገልጦ አራት ሰዓት ላይ ያለውን ባዶ ረድፍ አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለእኔ የፈራ ነበር የሚመስለው።

«ይኸ ምንድነው?»

«አላየሁም።»

«ባዶ ቦታ ያለው ሠንጠረዥ ዳኛ ፊት አይቀርብም። በመቶ ሃያ አንድና በመቶ አሥራ ዘጠኝ መካከል ያለው ስንት ነው?»

«መቶ ሃያ።»

«ሒሳብ ታውቃለህ አይደል? ጻፈው እንግዲያ።»

ጻፍኩት። እንዲያውም ረድፎቹ ሁሉ ሲሞሉ ሠንጠረዡ አማረ፤ መቶ አርባ ሁለት፣ መቶ ሠላሳ ስድስት፣ መቶ ሃያ ሰባት፣ መቶ ሃያ አንድ፣ መቶ ሃያ፣ መቶ አሥራ ዘጠኝ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ያለማቋረጥ የሚቀንስ። ዳኛው አነበበው፤ «ውሃው እየጎደለ ነበር» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

ያ ቃል ከዳኛው ቤት ወጥቶ ወደ የሺ ወንድሞች ሄደ። ታላቁ ወንድሟ አያ ማሩ «እየጎደለ ያለ ውሃ ሰው ከበቅሎ ላይ አያነሣም፤ እጇን ለቋታል» አለ። ከዚያ ወዲያ አያ ደሴን ማንም አላናገረውም። የአርባዋ ተዝካር ቀን እነማሩ በር ላይ ቆመው አላስገቡትም። የገዛ ሚስቱን ተዝካር ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው ያሳለፈው። አጥሩ ሥር ደም እንዳይፈስ ሽማግሌዎች «ራቅ በል» ብለው መከሩት። በሬዎቹን ለጎረቤት ሰጥቶ ወደ ሳንጃ፣ ወደ ሰሊጥ አጨዳ፣ ወረደ።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሚሻገሩት ሰዎች ነው። አሁንም «ጎድሏል?» ይሉኝ ነበር። ቁጥሩን ብቻ እነግራቸው ጀመር። «ምነው? ቃሉ ጠፋብህ?» አለችኝ አንዲት ሴት።

መስከረም ሲያልቅ ፈቃድ ጠይቄ መሪጌታ አስረስ ዘንድ ሄድኩ። መዝገቤን በቦርሳ ይዤ ነበር። አዳመጡኝ። ከዚያ መዝገቡን ተቀብለው ረድፎቹን ቀስ ብለው ወረዱባቸው፤ አራት ሰዓት ላይ ቆሙ።

«አራት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ጎጆዬ ውስጥ፤ ጽሑፍ እገለብጥ ነበር።»

«እንግዲያ መቶ ሃያን ማን አየው?»

«ማንም አላየውም።»

«አምስት ሰዓት ላይ ስታነብ ቆመህ ነበር?»

«ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር።»

«ልብስህ ረጠበ?»

ይህን ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ያን ዕለት የለበስኩት ነጭ ሱሪ ነው። ከውሃው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ስነሣ ደለል አልነካኝም። ድንጋዩ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ደረቅና ትኩስ ነበር። ዝናብ በእኛ በኩል አልጣለም። ወንዙ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወርዶ፣ ምናልባት ከመቶ አሥር በታች ደርሶ፣ ድንጋዮቹን ለፀሐይ ለቆላቸው ነበር። ከዚያ የደጋው ዝናብ ደረሰና መውጣት ጀመረ። መቶ አሥራ ዘጠኝን እኔ ያየሁት ወደ ላይ ሲያልፍ ነው። በሦስትና በአምስት መካከል በወረቀት ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀንሷል፤ በወንዙ ላይ ግን እየመጣ ነበር።

«ደረቅ ነበር፣ መሪጌታ» አልኩ።

መዝገቡን ዘግተው መለሱልኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ሰውየው በሕይወት አለ?» ብቻ አሉኝ።

«ሳንጃ ነው።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ?»

ሳንጃ የደረስኩት በጥቅምት ነው። ሙቀቱ ዓይን ይመልጣል። አያ ደሴን ያገኘሁት ከአጫጆች መካከል ነው፤ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ። ሲያየኝ ማጭዱን አላቆመም። አጠገቡ እየሄድኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ያላየሁትን አራት ሰዓት፣ የፈጠርኩትን መቶ ሃያ፣ ደረቁን ድንጋይ። በቅደም ተከተል ነው የነገርኩት፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም። ሁለት ነዶ አሰረ።

«ይኸን ለነማሩ ትላለህ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እላለሁ።»

«ይገድሉኛል ብለህ አትፈራም?»

«እፈራለሁ።»

«እሺ፤ እንሂድ» ብሎ ማጭዱን ለጓደኛው ሰጠ።

ከዚያ በፊት ማድረግ የነበረብኝን ማክሰኝት ስንደርስ አደረግኩ። ለዳኛው ማመልከቻ ጻፍኩ፤ የአራት ሰዓቱ ቁጥር ያልታየ መሆኑን፣ የጻፍኩትም እኔ መሆኔን። የአቶ ይልማን ስም አላነሣሁም፤ እርሱ ጠየቀኝ እንጂ እጄን አልያዘውም። ከመሥሪያ ቤቱ የወጣሁት በዚያ ማመልከቻ ነው፤ ስለ ስንብቱ ወረቀት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የአያ ማሩ ግቢ ከተራራው ሥር፣ የድንጋይ ካብ ያለበት ነው። ስንደርስ በሩ ላይ ወጣ። ጠመንጃው በትከሻው ነበር። ሁለት ታናናሾቹ ከኋላው ቆሙ። አያ ደሴን አላየውም፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

«ጸሐፊው አይደለህም?»

«ነኝ፣ አያ ማሩ።»

«ምን ያመጣሃል?»

ነገርኩት። ቆርቆሮዬ ላይ እንደማስረዳው አድርጌ ለማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ መሃል ላይ አቆመኝ።

«ቁጥሩን ተወው። የሺ ስትገባ ውሃው እየጎደለ ነበር ወይስ እየመጣ?»

«እየመጣ ነበር።»

«ሂዱ ያላቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለዳኛው እየጎደለ ነበር ብሎ የጻፈውስ?»

«እርሱም እኔ ነኝ።»

ከታናናሾቹ አንዱ ወደ እኔ ተንቀሳቀሰ፤ ማሩ እጁን ዘርግቶ መለሰው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አያ ደሴ ዞረ። ድምፁ ሌላ ሆነ።

«አንተስ፣ ደሴ? ውሃው ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ። ምነው ያን ጊዜ 'እየመጣ ነበር' አላልከንም?»

አያ ደሴ መሬት መሬት አየ።

«ብዬ ነበር፤ መጀመሪያ። ኋላ ወረቀቱ እየጎደለ ነበር አለ። ዳኛውም አለ። ሰው ሁሉ አለ። እኔም ያልጨመረ ውሃ እንዴት ከእጄ ይወስዳታል አልኩ። ለካ እኔው ነኝ የለቀቅኳት አልኩ። ሳንጃ ስወርድ ለቅቄያት ነው ብዬ ነው የወረድኩት፣ ማሩ።»

ማሩ ከበሩ ላይ ዘወር አለለት።

«ግባ» አለው።

አያ ደሴ ጎንበስ ብሎ ገባ። ታናናሾቹም ተከተሉት። ከውስጥ የሴቶች ልቅሶ ተነሣ፤ የሺ ገና ያን ቀን የሞተች ይመስል ነበር።

ማሩ በሩን ይዞ ቆመ።

«አንተን ግን ግባ አልልህም» አለኝ።

«መግባትም አይገባኝም» አልኩት።

በሩን ዘጋው።